የጋሽ ገብረወልድ ጓጉንቸር

አዲስ አበባ ውስጥ ምንም ነገር የማያምን ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ሰውየውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ አንብቦ ሳይፈርም የሚወጣው፣ ሊፍት ከመግባቱ በፊት አንገቱን አስግጎ ወለሉ መኖሩን የሚያረጋግጠው፣ ቤቱን ቆልፎ አስፋልት ከደረሰ በኋላ ተመልሶ በሩን የሚነቀንቀው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ ለራሱ ነው፤ ቢበዛ ታክሲ ያመልጠዋል። ሳጂዳን የገጠማት ግን ጥርጣሬውን በብረት አሠርቶ፣ ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ማሽን ላይ የሚሰቅል ዓይነት ነበር።

ሳጂዳ ከጉርድ ሾላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ የዳቦ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ናት። ፋብሪካው ለቦሌ ሆቴሎችና ካፌዎች ዳቦ ያቀርባል። የቦሌ ሆቴል ደግሞ ዳቦ ለምን ዘገየ ብሎ አይጠይቅም፤ ከሌላ ይገዛል። ስለዚህ የሳጂዳ ሥራ ባጭሩ ማሽን እንዳይቆም ማድረግ ነው። ማሽን ማቆም ደግሞ የሊቀ ተጠራጣሪያን፣ የክቡር አቶ ገብረወልድ ሥራ ነበር።

የጥገና ኃላፊው ጋሽ ገብረወልድ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ በየዓመቱ በሚታደስ ውል ይሠራሉ። ቀጭን ናቸው፣ ሲያዩ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ፣ አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጎን በሌላ ክር አንዲት ትንሽ ቁልፍ አስረዋል። የቀዩ ጓጉንቸር ቁልፍ ናት፤ ሁለተኛ የላትም። ማሽን ሊጠገን ሲከፈት ዋናውን ማጥፊያ ያወርዱና ጓጉንቸራቸውን ይሰቅሉበታል። እጁን ወደ ማሽኑ የሚከት ሰው ሁሉ ከጎናቸው የየራሱን ይሰቅላል። የመጨረሻው ጓጉንቸር ካልተነሳ ማሽኑን ማንም አያስነሳውም፤ የአንዱን ጓጉንቸር ደግሞ ሌላው አይከፍተውም። በእሳቸው ጓጉንቸር ላይ የተንጠለጠለው ካርድ ጉርድ ፎቷቸው አለበት፤ በፎቶው ላይም ፎቶ አንሺውን በጥርጣሬ እያዩት ነው። ከሥሩ «ገብረወልድ ነኝ። እጄ ውስጥ ነው። አትንካ» ይላል።

መቆለፍ ብቻውን አይበቃቸውም። ቴስተራቸውን ያወጡና መጀመሪያ መብራት ያለበት ሶኬት ላይ ይሞክሩታል። ይበራል። ከዚያ የተቆለፈው ማሽን ላይ ያስጠጉታል። ዝም ይላል። ዝም ማለቱን አያምኑም፤ በመሃል ሞቶ እንደሆነስ ብለው ወደ ሶኬቱ ተመልሰው እንደገና ይሞክሩታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሳጂዳ አጠገባቸው ቆማ ሰዓቷን ታያለች፤ እሳቸውም ሰዓት ስታይ ያዩዋታል፤ ግን አይቸኩሉም።

ከሁሉ የሚብሰው ጥያቄያቸው ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው «ጠፍቷል?» ቢሉ ምን ነበረበት። «ማን አጠፋው?» ነው የሚሉት። በእሳቸው ሰዋስው «ጠፍቷል» ባለቤት የሌለው ቃል ነው። ላም ትጠፋለች፣ ብር ይጠፋል፣ ሰው ይጠፋል፣ ከዚያ ሁሉም ባልታሰበ ሰዓት ብቅ ይላል። ትክክለኛው መልስ «እኔ አጥፍቼዋለሁ» ነው፤ ስም ከነአባት ቢጨመርበት ይወዳሉ። አዲስ የተቀጠረ መካኒክ «ጠፍቷል ጋሼ» ብሎ ሩብ ሰዓት አቁመውታል ይባላል።

«መብራት ሄዷል» የሚለውም የከተማችን መርዶ በእሳቸው ዘንድ ተራ ወሬ ነው። እኛ ደግሞ መብራት ሲሄድ ማሽን የማጽዳት ልማድ አለን፤ ሥራ ከቆመ አይቀር እየተባለ። የማቡኪያው ኦፕሬተር ፈቲያ፣ መብራት እልም ባለ ቁጥር እጇን እስከ ትከሻዋ ወደ ገንዳው ልካ የደረቀ ሊጥ ትፍቅ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ገብረወልድ ከኋላዋ መጥተው ቆሙ።

«ማን አጠፋው?»

«ሄዶ ነው ጋሼ።»

«መቼ እመለሳለሁ አለሽ?»

ፈቲያ እየሳቀች እጇን አወጣች። በዚያው ቅጽበት ጄኔሬተሩ በራሱ ተነሳና ማቡኪያው ካቆመበት መዞሩን ቀጠለ። ሳቋን አቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ የእሳቸው ብቸኛ ደቀ መዝሙር እሷ ሆነች። ሳጂዳ ወደ ፋብሪካው የመጣችው ከዚህ በኋላ ስለሆነ ታሪኩን በወሬ ነው የሰማችው። ሲነገራት ለማሳመር የተጨመረበት ነገር እንዳለ ጠረጠረች።

ስለ ቤታቸውም ይወራል። ለሚ ኩራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አምፖል ሲቀይሩ ቆጣሪውን አጥፍተው፣ ሳጥኑን ቆልፈው፣ ቁልፉን ይዘው ወደ ቤታቸው ይወጣሉ አሉ። አንድ ጊዜ በስህተት የጎረቤታቸውን ቆጣሪ ቆልፈው፣ ጎረቤትየው ሙሉ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ አምልጦታል። ይቅርታ ሲጠይቁ እንኳ «የእኔ ለመሆኑ በደንብ አረጋግጬ ነበር» አሉት ይባላል። ይህን የሚያወራው ምክትላቸው ቢሩክ ነው፤ ሲያወራም አንድ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ነው።

ሳጂዳ ግን መሳቅ ከተወች ቆይታለች። ማስታወሻ መያዝ ጀምራ ነበር። ሰኞ፣ የሰንሰለት ጥገና አሥራ አንድ ደቂቃ፣ መቆለፍና መጠራጠር ሠላሳ አራት። ረቡዕ፣ ጥገናው ስምንት፣ ጥርጣሬው ሃያ ዘጠኝ። የጋሽ ገብረወልድ ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የፋብሪካው ባለቤት አቶ ረታም «ይታደስ አይታደስ አንቺ ጻፊልኝ፤ እኔ እፈርማለሁ» ብለዋታል። እሷም ጽፋለች። «የሥራ ፍጥነት ስለሚጎድላቸው ውሉ ባይታደስ፣ በቦታቸውም አቶ ቢሩክ ቢመደቡ» የሚል ደብዳቤ፣ ፊርማዋ ብቻ ቀርቶት መሳቢያዋ ውስጥ ተቀምጧል። ስድስት ቀን ሆኖታል።

ያልፈረመችው ስላዘነች አልነበረም። እሷም በበኩሏ ጠርጣሪ ናት። ሰውየው ሥራውን ሆን ብለው የሚያረዝሙት ተፈላጊ ለመምሰል እንደሆነ ታስባለች፤ ይህንንም በማስረጃ መያዝ ፈለገች። ጋሽ ገብረወልድ ማሽንን ሲጠረጥሩ፣ እሷ ጋሽ ገብረወልድን ስትጠረጥር፣ ፋብሪካው ዳቦ መጋገሩ ራሱ የሚገርም ነው።

ማስረጃው ሐሙስ ዕለት የመጣ መሰላት። አንድ የቦሌ ሆቴል ትልቅ ስብሰባ ነበረበትና ሦስት ሺህ ትንንሽ ዳቦ ለዘጠኝ ሰዓት አዟል። አራት ሰዓት ላይ፣ መብራት ሄዶ በጄኔሬተር እየተሠራ ሳለ፣ ማቡኪያው ከረከረና ቆመ። ጋሽ ገብረወልድ መጡ፣ አጠፉ፣ ቆለፉ፣ ቴስተራቸውን ወደ ሶኬትና ከሶኬት አመላለሱ። ቢሩክና ፈቲያም የየራሳቸውን ሰቀሉ። ማጥፊያው ላይ ሦስት ጓጉንቸር ሆነ። አምስት ሰዓት ላይ ጥገናው አለቀ። ቢሩክ የራሱን አነሳ፤ ፈቲያ ገንዳውን ጠራርጋ የራሷን አነሳች። ቀዩ ብቻ ቀረ። ባለቤቱ የሉም።

«ጋሽ ገብረወልድስ?» አለች ሳጂዳ።

«ወጥተዋል፤ ኤርሳዶ ነግሮኛል» አለ ቢሩክ። ኤርሳዶ የበሩ ጥበቃ ነው።

ስልካቸው ተደወለ። ዝግ ነው። ሥራ ላይ ሁልጊዜ ያጠፉታል፤ ስልካቸውንም ቢሆን ያጠፉት ራሳቸው ናቸው። አሥር ደቂቃ ተጠበቀ። ሃያ ሆነ። ሳጂዳ ፊቷ እየጋለ መጣ። ደብዳቤውን አንድ ሰው አይቶ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ጓጉንቸራቸውን ሰቅለው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አድርገው፣ ያለ እኔ ዳቦ ጋግራችሁ አሳዩኝ ብለው ሄደዋል። በእሷ ልብ ይህ በጣም ግልጽ ነበር።

«ይቆረጥ» አለች።

ቢሩክ ጉልበተኛውን የብረት መቁረጫ ሊያመጣ ሲሄድ ፈቲያ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ጋሽ ገብረወልድ ያዘጋጁት ቅጽ ነው፤ እስከዚያ ቀን ማንም ሞልቶት አያውቅም። የሌላ ሰው ጓጉንቸር የሚያስቆርጥ ኃላፊ ከግርጌው ያለውን ዓረፍተ ነገር በእጁ ጽፎ መፈረም አለበት። «የዚህን ጓጉንቸር ባለቤት ከማሽኑ ውጭ በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይላል። ፈቲያ አንድ ጊዜ ይህ ለምን አስፈለገ ብላቸው ነበር። ጋሽ ገብረወልድ ብሎን እያጠበቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ «ብሎኬት ፋብሪካ ስሠራ አንድ ሰው ወጥቷል ተባለ። አልወጣም ነበር» አሏት። ሌላ ምንም አልጨመሩም። እሷም ለሳጂዳ አሁን ያንኑ ብቻ ነገረቻት።

ሳጂዳ እስክሪብቶውን ያዘች። «የዚህን ጓጉንቸር ባለቤት» ብላ ጻፈች። «በዓይኔ» የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ አልሄድ አላት። አላየቻቸውማ። እስክሪብቶውን አስቀምጣ ወደ በሩ ሄደች።

«ኤርሳዶ፣ ጋሽ ገብረወልድ ሲወጡ አይተሃቸዋል?»

«እኔ እንኳ አላየሁም።»

«ወጥተዋል አላልክም እንዴ?»

«ወጥተዋል ያለኝማ ቢሩክ ነው።»

ቢሩክ መቁረጫውን ትከሻው ላይ እንደተሸከመ ተጠራ። ላብ አጠመቀው። «እኔ አላልኩም። እኔ የጠየቅኩት ነው። በሩ ጋ ሳልፍ ‹ጋሽ ገብረወልድ ወጥተዋል?› አልኩት። ‹እሺ፣ ወጥተዋል› አለኝ።»

«እየነገርከኝ መስሎኝ ነዋ» አለ ኤርሳዶ። «ጄኔሬተሩ ይጮሃል፣ አንተ አልቆምክ። ወጥተዋል አልክ፣ እሺ አልኩ።»

ለካ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። አማርኛችን «ወጥተዋል» ሲጠይቅም ሲመልስም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ድምፅ ወደ ላይ ማለቱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጄኔሬተሩ በልቶታል። አንዱ ጠየቀ፣ ሌላው ተነገረኝ ብሎ አጸደቀ፣ ጠያቂው መልሶ ማስረጃ አደረገው፣ እሷም በዚያ ልትፈርም ነበር። ሳጂዳ ቢሩክን አየችው። ቦታው ለእሱ የታሰበ መሆኑን ያውቃል ወይስ አያውቅም? ለአንድ አፍታ እሱንም ጠረጠረችው። ልጁ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ለማሰብ የሚያስችል ፊት አልነበረውም፤ መቁረጫውን እንደ ሰው ሬሳ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«መቼ ነው መጨረሻ ያየሃቸው? በዓይንህ» አለችው። አባባሏ የማን እንደሆነ ገብቷት በራሷ ተናደደች።

«ከማቡኪያው በስተጀርባ ሲያጎነብሱ። የዱቄቱን መውረጃ ሊያዩ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳጂዳ በደንብ አታስታውሰውም። እየሮጠች ተመለሰች። ከማቡኪያው በስተጀርባ ገባች፤ የሉም። መሰላሉን ወጥታ የዱቄት መውረጃውን ክዳን አንስታ አየች፤ ዱቄት ብቻ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ ጭንቅላቷን ገንዳው ውስጥ አስገብታ «ጋሽ ገብረወልድ» ብላ ጠራች፤ የራሷ ድምፅ ተመልሶ መጣላት። ገንዳው ባዶ መሆኑን እያየች እንኳ በእጇ ዳበሰችው። ፈራች። ስለ ዳቦው አልነበረም፣ ስለ ሆቴሉም አልነበረም፤ ፈርሜ ቢሆን ኖሮስ ብላ ነው የፈራችው። ያን ቀይ ነገር ስታይ አሁን አንድ ሰው እጇን የያዛት መሰላት። ስድስት ቀን ሙሉ እንዲሄዱላት የተመኘቻቸውን ሰው፣ እባክዎ የሆነ ቦታ ይሁኑ እያለች በየጥጉ ፈለገቻቸው። ምድጃው ኋላ፣ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ መጸዳጃ ቤት። ሆቴሉ ሁለት ጊዜ ደወለ። አላነሳችም።

በመጨረሻ አቶ ረታ ጋ ለመደወል ወደ ቢሮዋ ወጣች። ጋሽ ገብረወልድ እዚያ ተቀምጠዋል።

የእንግዳ ወንበር ላይ፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ከጠረጴዛዋ አርቀው ተቀምጠው ነበር። አንድም ወረቀት አልነኩም። ሳጂዳ በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እዚህ ነዎት?»

«ከአምስት ሰዓት ጀምሬ እየጠበቅኩሽ ነው። በኋላ ደረጃ ነው የወጣሁት። ውሌ አይታደስም ሲሉ ሰማሁና፣ ወሬ ስለማላምን ካንቺው ልስማ ብዬ ነው። ልጄ፣ እውነት ነው?»

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ጓጉንቸርዎ ማሽኑ ላይ ነው።»

እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ። ቁልፏን ጨበጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደም ሁሉ ወረደ፤ ሳጂዳ እኚህን ሰው እንደዚያ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

«ቆረጣችሁት?»

«አልቆረጥንም።»

«ለምን?»

«በዓይኑ ያየዎት ሰው አጣሁ።»

ዓይናቸው እርጥብ ሆነ፤ እሱንም በቆባቸው ጠረጉት። ከዚያ ወረቀት ጠየቋት። ሰጠቻቸው። ጠረጴዛዋ ጠርዝ ላይ ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ለካርድ በሚጠቀሙበት ቀጥ ያለ ጽሕፈት፣ «እኔ ገብረወልድ ሥራዬን ጨርሼ ጓጉንቸሬን ሳላነሳ ሄጃለሁ። ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። አጥፍቻለሁ» ብለው ጻፉ፤ ፈረሙ፤ ቀን ጻፉበት። ሰዓትም ጻፉበት።

«ይህን ለአቶ ረታ ስጪልኝ። ለሌላ ሰው የማልምረውን ለራሴ ልምረው አልችልም» አሉ። ወርደው ጓጉንቸራቸውን አነሱ። ማቡኪያው ተነሳ።

ዳቦው አንድ ሰዓት ከሩብ ዘግይቶ ቦሌ ደረሰ። ሆቴሉ ግማሹን ከሌላ ገዝቶ ቆይቷል። አቶ ረታ ስልክ ላይ ጮኹ። አንድ ጓጉንቸር ነው ያቆማችሁ? መቁረጫ የላችሁም? ሳጂዳ መቁረጫ እንዳለ ነገረቻቸው። «እንዳይቆረጥ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች።

ሲረጋጋ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛዋ ላይ ጎን ለጎን አደረገች። ያልተፈረመው ደብዳቤ አለ። ስትፈልገው የከረመችው ማስረጃም አለ፤ ያውም በተከሳሹ እጅ የተጻፈ፣ የተፈረመ። ሁለቱን በስቴፕለር ማያያዝ ብቻ ነበር የቀራት። ለረጅም ጊዜ ተቀምጣ አየቻቸው። ሰውየው ዓመቱን ሙሉ አሰልችተዋታል፤ ሰዓቷን በልተዋል፤ ፀጉሯን አስነጭተዋታል። ለካ ትወዳቸዋለች። ይህን ጭንቅላቷን ገንዳ ውስጥ ከታ ስማቸውን ስትጠራ ነው ያወቀችው፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

የእሳቸውን ወረቀት በወጉ ፋይል ውስጥ አስገባች፤ ጥፋት ጥፋት ነውና አንድ ማስጠንቀቂያም ጻፈችበት። የራሷን ደብዳቤ ግን ቀዳ ጣለችና ሌላ ጻፈች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዋ ጠርታ አዲሱን ሰጠቻቸው። ቆመው አነበቡት። ወደ መስኮቱ ወስደው እንደገና አነበቡት። ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን አዩ። ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው አሸት አደረጉት።

«ሁለት ዓመት ይላል።»

«አዎ።»

«ውሌ የአንድ ዓመት ነበር። ሁለቱ ከየት መጣ?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም።»

አንድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። «ይህ የአቶ ረታ ፊርማ ነው?»

«ፊታቸው ቆሜ ነው ያስፈረምኳቸው። በዓይኔ እያየሁ።»

«ኮፒስ አለው?»

«ሦስት። አንዱ ፋይል ውስጥ ነው፤ አንዱ ያው የያዙት፤ አንዱን እኔ ቤት አስቀምጬዋለሁ።»

«አንቺ ቤት ደግሞ ምን ይሠራል?»

«አቶ ረታን አላምናቸውም» አለች ሳጂዳ።

ጋሽ ገብረወልድ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጣጥፈው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ኪሱን ቆለፉት።

«አሁን ገና አመንኩ» አሉ።